ተፋተው ተያይዘው የመጡት

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ እሠራለሁ። ፎርም እሞላለሁ፣ ማስረጃ አደራጃለሁ፣ ደንበኛ በአማርኛ ያለውን ለጠበቃዋ በእንግሊዝኛ አደርሳለሁ። የሕግ ምክር አልሰጥም፤ ፈቃዱም የለኝም። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው በእኛ ሰፈር ፈቃድ ሳይኖረው የማይመክር ሰው እየጠፋ ስለመጣ ነው። የምተርክላችሁን ሰዎች ማንነት ላለማውጣት አንዳንድ ነገር ለዋውጫለሁ።

በ2024 ጁን ላይ ሦስት ሰዎች አብረው መጡ። አንዲት ሴት፣ የቀድሞ ባሏ፣ እና ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ የለበሱ ሽማግሌ። ቀጠሮውን ያስያዙት ሽማግሌው ናቸው። ሁለቱም "ጋሼ" ሲሏቸው እኔም ጋሼ አልኳቸው። ገና ሳይቀመጡ ነገሩን ጀመሩት።

"ልጆቹ አልሆነላቸውም፣ ተለያይተዋል። ጠብ ግን የለም። እሱ ጨዋ ልጅ ነው፤ ወረቀቷን ሳታስጨርስላት አትተዋት ብለን ለምነነው እሺ ብሎናል። ፎርሙ ተሞልቷል፣ ሁለቱም ፈርመዋል። እናንተ አይታችሁ ብቻ ላኩልን።"

ከፖስታው የወጣው አይ-751 ነበር። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ አንድ ሰው በጋብቻ አሜሪካ ሲገባ ጋብቻው ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ የሚሰጠው ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስቱ አብረው አይ-751 ያስገባሉ፣ ጋብቻው የእውነት እንደነበር በማስረጃ ያሳያሉ፣ ከዚያ የአሥር ዓመቱ ይመጣል። ሴትየዋ የመጣችው በሴፕቴምበር 2022 ነው፤ 90 ቀኑ ገና መከፈቱ ነበር። ፎርሙ ላይ "ከባለቤቴ ጋር በጋራ" የሚለው ሳጥን በሰማያዊ እስክሪብቶ ምልክት ተደርጎበታል። ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ። የሞላላቸው ታክስ የሚሠራላቸው ሰው ነው፤ ገንዘብም ተቀብሏል።

ጠበቃዋ ፎርሙን ገለጥ ገለጥ አደረገችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። "ዛሬ ባልና ሚስት ናችሁ?"

ሁለቱም ጋሼን አዩ። ጋሼም "በፍርድ ቤት ደረጃ አይደሉም፣ ግን አልተቀያየሙም" አሉ። እንዳሉት ተረጎምኩ።

የፍቺው ውሳኔ ከሮክቪል ሰርኪዩት ኮርት በዲሴምበር 2023 የወጣ ነው። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ የፍቺ ሕጓን አቅልላለች፤ ተስማምቶ ለሚፋታ ሰው ደግሞ ተለያይቶ የመቆያ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ቢኖሩ ኖሮ ቢያንስ ስድስት ወር ተለያይተው መቆየት ነበረባቸው። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ከተፋቱ ግማሽ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ፎርሙ ደግሞ "በሐሰት ብናገር በሕግ ልጠየቅ" ተብሎ የሚፈረም ነው። ጋብቻው የእውነት ነበር። ውሸቱ ፎርሙ ላይ ነው። ይህን ልዩነት ለጋሼ ማስረዳት ቀላል አልነበረም፤ እሳቸው የያዙት ዓላማ ማዳን እንጂ ማታለል አይደለም፣ እውነታቸውንም ነው።

ጠበቃዋ ሁለቱን ሰዎች በአንድ ጉዳይ መወከል አትችልም፤ ሴትየዋን ለብቻዋ ማነጋገር ነበረባት። ጋሼን ከክፍሉ የማስወጣቱ ጣጣ የወደቀው እኔ ላይ ነው። እዚህ አገር "ይቅርታ፣ ውጭ ይጠብቁ" ማለት ቀላል ነው፤ በአማርኛ ግን ለመረቁ፣ ላስታረቁ፣ ክራቫት አስረው ለመጡ ሽማግሌ እንዴት ተብሎ ይነገራል? "ጋሼ፣ ሻይ ላፍላልዎት፣ እዚያ ሶፋው ይሻልዎታል" ብዬ ወሰድኳቸው። ገብቷቸዋል። ምንም ሳይሉ ተነሱ፤ የቀድሞው ባልም ተከተላቸው።

በሩ ሲዘጋ ሴትየዋ መጀመሪያ ያለችው "ካርዴን ይነጥቁኛል?" ነው። ቀጥላ ደግሞ ሳትጠየቅ ሌላ ነገር ተናገረች። ኦክቶበር ላይ ከቤቱ ወጥታ ዊተን አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እሱ ቤት ትሄዳለች። የሳምንት ወጥ ትሠራለታለች፣ በየዕቃው ቀንሳ ፍሪዘር ታስገባለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች። እሱ አልጠየቃትም። "እስኪፈርምልኝ ድረስ ሆዱ እንዳይሻክር ብዬ ነው" አለች። ይህን ስተረጉም ጠበቃዋ "ድገሚልኝ በላት" አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር። በቢሯችን ከማያቸው ነገሮች ሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ ወረቀቷ በሰውየው እጅ ያለ የሚመስላት ሴት። አንዳንዴም ወንድ። ማን እንደነገራቸው አይታወቅም፤ "እገሊት ፈትታ ተባረረች" የሚል ወሬ ብቻ ይዞራል። ሕጉ ግን የፈታ ሰው ብቻውን የሚያመለክትበት በር አለው፤ ዌይቨር ይባላል። በቅን ልቦና የተገባ ጋብቻ በፍቺ ካለቀ፣ ሰውየው የሚደበድብ ወይም የሚያሰቃይ ከሆነ፣ ወይም ወደ አገር መመለሱ ከባድ መከራ የሚያስከትል ከሆነ፣ የዚያ ሰው ፊርማ አያስፈልግም። 90 ቀኑንም መጠበቅ የለም፤ ውሳኔው እጇ ላይ ከገባ ጀምሮ ማስገባት ትችል ነበር። ማለትም የዲሴምበሩ ወረቀት ከወጣ በኋላ ስለ ፊርማው ብላ የሠራችው ወጥ ሁሉ በከንቱ ነው።

ጠበቃዋ ይህን ስታስረዳት ሴትየዋ አላለቀሰችም። "ስንት ነው የሚከፈለው?" አለች። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ የአይ-751 ክፍያ 750 ዶላር ነው። በደረሰኙ ካርዱ ለ48 ወር ይራዘማል። ቦርሳዋን ከፍታ ሒሳብ ማስላት ጀመረች።

ሥራው የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። ጋብቻው እውነተኛ ለመሆኑ ምን አላችሁ ስንል፣ የእኛ ሰው ኑሮ ለአሜሪካ ፋይል እንደማይመች ያን ጊዜ ይታያል። ሁለቱ ይኖሩ የነበረው የዘመድ ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ ኪራይ በጥሬ ገንዘብ፣ ውል የለም። መብራቱ በባለቤቱ ስም። የባንክ ሒሳብ የየራሳቸው። የመኪና ኢንሹራንስ ላይ ሁለቱም አሉ፤ ጥሩ። ለእናቷ በየወሩ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ አለ፤ ከፊሉ በእሱ ስም ነው፣ በጣም ጥሩ፤ ያላገባ ሰው ለአማት አይልክም። የእድራቸው መዝገብ ላይ ደግሞ ሁለቱ በአንድ መስመር "ከነባለቤቱ" ተብለው ተጽፈዋል፤ መዋጮውም ወር በወር ተመልክቷል። እሱን ገልብጠን፣ አስተርጉመን፣ እድር ምን እንደሆነ ባጭር ማብራሪያ ጽፈን አያያዝነው።

በመሐል ሌላ ጉድ ወጣ። የ2023 ታክሳቸው ተሠርቶ የገባው "ባልና ሚስት በጋራ" ተብሎ ነው። የሠራላቸው ያው ፎርሙን የሞላው ሰውዬ ነው፤ "ሪፈንዱ የተሻለ ይሆናል" ብሏቸው። የታክስ ሕጉ የሚያየው ዲሴምበር 31 ቀን ምን ነበራችሁ የሚለውን ነው፤ በዚያ ቀን እነሱ የተፋቱ ናቸው። ይህ ከፍቺው ውሳኔ ጋር በአንድ ፋይል ገብቶ መርማሪው ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚመስል ገምቱት። ሁለቱም በታክስ ማስተካከያው ፎርም፣ በ1040-ኤክስ፣ እንዲያስተካክሉ ተደረገ፤ ከተመለሰላቸው ገንዘብ ላይ መልሰው ከፈሉ። እሱ ቅር አለው። እሷ ምንም አላለችም።

አድራሻዋም አልተቀየረም ነበር። የተዛወረ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት፤ ፖስታ ቤት መቀየር ብቻ አይበቃም። ሳታሳውቅ ቢቀር የአሻራ ቀጠሮዋ የሚሄደው የቀድሞ ባሏ ሳጥን ውስጥ ነው። በዚያው ቀን ከቢሯችን ሳትወጣ ቀየረችው።

ዋናው ክርክር የነበረው ከጋሼ ጋር ነው። ሁለቱን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች የምስክርነት ቃል ያስፈልግ ነበርና፣ ከጋሼ የተሻለ ሰው አልነበረም። ደስ ብሏቸው ጽፈው መጡ፤ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት አንድ ገጽ ሙሉ፦ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ እግዚአብሔርን ይፈራሉ፣ ከጥሩ ቤተሰብ ናቸው። እውነት ነው፤ ግን ለመርማሪ ምንም አይነግረውም።

"ጋሼ፣ ቤታቸው ሄደው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ስንት ጊዜ!"

"ለምን ነበር የሚሄዱት?"

ዝም አሉ። ቆይተው "ለማስታረቅ ነዋ" አሉ።

"በምን ነበር የሚጣሉት?"

"ይሄማ የሰው ገመና ነው፤ በወረቀት አይጻፍም" ብለው እስክሪብቶውን ገፋ አደረጉት። ጠበቃዋ ምን እንዳሉ ጠይቃ ስነግራት ሳቀችና "እሱን ነው የምፈልገው" አለች። የውሸት ጋብቻ አስታራቂ አይጠራም። ለወረቀት የተጋቡ ሰዎች በእኩለ ሌሊት ሽማግሌ አያስነሱም፣ ደሴ ስለቀረው የሚስት ልጅ መምጣት አይጨቃጨቁም፣ "ሌሊት ሌሊት ዩበር እየነዳህ መቼ ነው የማይህ" ብላ የምታለቅስ ሚስት የላቸውም። ለጋሼ ይህን ሳስረዳ ሴትየዋን መጥራት ግድ ሆነ፤ "ይጻፉት ጋሼ፣ እኔ ፈቅጃለሁ" አለቻቸው። ያኔ ጻፉ። ሁለት ገጽ ተኩል፣ ከነቀኑ፣ ከነተነገረው፣ ያን ምሽት የቀረበላቸው ሽሮ ሳይቀር። በዚያ ፋይል ውስጥ ከነበሩት ወረቀቶች ሁሉ ጠንካራው ያ ነው ብዬ አምናለሁ።

የደሴው ልጅ የሴትየዋ ነው፤ ከመጀመሪያ ትዳሯ፣ ያን ጊዜ 16 ዓመቱ። እሷ ስትመጣ አብሮ ያልመጣው በእሷ ፋይል ውስጥ ያለ ስለመሰላቸው ነው። ሲቲዝን ለሚስቱ ሲያመለክት የሚስቱ ልጅ አብሮ አይገባም፤ ለእንጀራ ልጁ ለብቻው ሌላ አይ-130፣ የቤተሰብ ማመልከቻውን ፎርም፣ ማስገባት አለበት። ሰውየው "አስገባለሁ፣ አስገባለሁ" እያለ ሁለት ዓመት ሄደ። ሴትየዋ ደግሞ የአሥር ዓመቱን ካርድ ሳትይዝ እሷ ማመልከት የማትችል መስሏት ቁጭ ብላለች። የሁለት ዓመት ካርድ የያዘ ሰው ግን ለልጁ ማመልከት ይችላል። ከዌይቨሩ ጋር በአንድ ሳምንት የእሱም ገባ። በግሪን ካርድ ያዥ ልጅነት ተራ አለው፤ በየወሩ የሚወጣውን ቪዛ ቡለቲን መከታተል ነው። እሷ ራሷ ደግሞ ባሏ ሲቲዝን ስለነበር በሦስት ዓመት ለዜግነት የማመልከት ዕድል ነበራት፤ እሱ በፍቺው ቀርቷል፤ እንደማንኛውም ሰው አምስት ዓመቱን ትጠብቃለች።

የቀድሞው ባል ያን የመጀመሪያ ቀን ሊወጡ ሲሉ "እኔስ ከእንግዲህ ነፃ ነኝ አይደል?" ብሎ ጠይቆ ነበር። ጠበቃዋ "ያንተ ጠበቃ አይደለሁም፤ ስፖንሰር ስትሆን የፈረምከውን የገንዘብ ዋስትና ፎርም፣ አይ-864ን፣ ይዘህ ሌላ ጠበቃ አማክር" አለችው። አልሄደም፤ ወይም የሄደው ሲቸግረው ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ እንጀራ ልገዛ ገብቼ ሱቁ ውስጥ አገኘሁት። አዲስ አበባ ሄዶ አግብቶ ተመልሷል፤ ለአዲሷ ሚስቱ ፕሮሰስ ሊጀምር ሌላ ጠበቃ ጋ ሄዷል። ሰላምታውን ሳይጨርስ ጀመረኝ።

"ሎየሩ ቤተሰብህ ስንት ነው አለኝ። እኔና እሷ፣ ሁለት አልኩት። የለም፣ ሦስት ነህ አለኝ። ሦስተኛው ማነው ስለው፣ የድሮዋ!"

እውነቱን ነው። አይ-864 በፍቺ አይወርድም። ስፖንሰር የተደረገችው ሰው ሲቲዝን እስክትሆን፣ ወይም 40 ሩብ ዓመት ሥራ እስኪቆጠርላት፣ ወይም አገሩን ጨርሳ ለቅቃ እስክትሄድ ወይም እስክትሞት ድረስ ይቆያል። እስከዚያ ሌላ ሰው ስፖንሰር ሲያደርግ እሷም ትቆጠርበታለች። በ2024 የስፖንሰር ገቢ ሠንጠረዥ ለሁለት ሰው የሚፈለገው 25,550 ዶላር ነበር፤ ለሦስት 32,275። ሰውየው ዩበር ነጂ ነው፤ ብዙ ይሠራል፣ ግን የመኪናው የማይል ወጪ ተቀንሶ ታክሱ ላይ የሚቀረው ገቢ ከሁለቱም በታች ነው።

"ስፖንሰር የሚጨመርልኝ ሰው እያፈላለግኩ ነው" አለኝና እንጀራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ትንሽ አሰላ። "የመጣችው ሴፕቴምበር 2022 ነው። 2027 ላይ ለሲቲዝንነት ማመልከት ትችላለች አይደል?"

ስለ እሷ ፋይል መናገር አልችልም አልኩት።

"አትናገር፣ ግዴለም። ብቻ ንገርልኝ፤ የሲቲዝንነት ፈተናውን መቶውንም ጥያቄ እኔ አስጠናታለሁ በላት።"