ገና በቤተልሔም፣ ተሳላሚ በሌለበት ዓመት

የ2017 ዓ.ም. ገናን ያከበርኩት ቤተልሔም ነው። ኢየሩሳሌም ደማስቆ በር አጠገብ ከሚነሳው 231 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱ አጭር ነው፤ አሥር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሲገቡ የሚያስቆም የለም። ሲመለሱ ግን ኬላ አለ። ወጣቶቹ ፍልስጤማውያን ወርደው በብርድ ይሰለፋሉ፤ እኛ የውጭ ዜጎች ተቀምጠን ፓስፖርት እናሳያለን።

ከዋዜማው ቀደም ብዬ ወደ ልደት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በዚያች ዝቅ ባለች በር ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ዋሻው ውስጥ፣ ጌታ የተወለደበትን ስፍራ የሚያመለክተው የብር ኮከብ ዘንድ ተንበርክኬ እንደ ልቤ ጸለይኩ። በሰላሙ ጊዜ እዚህ ለመድረስ ሰዓታት ያሰልፍ ነበር። ለእኔ የተመቸኝ ጭርታ ለከተማው ሰው ረሃብ ነው። አደባባዩ ላይ የገና ዛፍ አልቆመም። ከተማዋ ለጋዛ አዝና ድምቀቱን ስትተው ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ቤተልሔም የምትኖረው በእንግዳ ነው፤ ሆቴሉም፣ አስጎብኚውም፣ ሾፌሩም። እስራኤል ይሠሩ የነበሩትም ጦርነቱ ሲጀመር የሥራ ፈቃዳቸው ታግዶ አብዛኞቹ ቤት ውለዋል።

እረኞቹ የምሥራቹን በሰሙበት በቤት ሳሁር አንድ የወይራ እንጨት ጠራቢ አገኘሁ። ሽማግሌ ናቸው። መደርደሪያቸው በመስቀልና በመቁጠሪያ ሞልቷል፤ ገዢ የለም። እሳቸው ግን ይጠርባሉ። «ለማን ነው?» አልኳቸው። ልጃቸው አስተረጎመችልኝ።

«አባቴ እ.ኤ.አ. በ1967 ሱቁን ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ። እኔ በ2002 የልደት ቤተ ክርስቲያን 39 ቀን ሲከበብ ዘጋሁ፣ መልሼ ከፈትኩ። ሰው ሲመጣ ዕቃ ከሌለኝስ?»

ወንድሞቻቸው ቺሊ ናቸው። ከቤተልሔምና ከቤት ጃላ የሄደው ሰው እዚያ ብዙ ነው። እሳቸውን ሲጠሯቸው እምቢ ብለዋል። ስለ ክርስቲያን ተስፋ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደ እኚህ አባት ሥራ የገባኝ የለም።

የሉተራኑን የገና ቤተ ክርስቲያንም አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ገና ፓስተር ሙንዘር ይስሐቅ ሕፃኑን ኢየሱስን በፍርስራሽ ድንጋይ መካከል ያስተኙት እዚህ ነው። ክርስቶስ ዛሬ ቢወለድ ከፍርስራሹ ሥር ነበር የሚወለደው ብለው ሰብከዋል። በዚያ ሰሞን ጋዛ ውስጥ የሞተው ከ45,000 በላይ እንደሆነ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር ይናገር ነበር። ጥቅምት 8 ቀን 2016 በቅዱስ ጶርፊርዮስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተጠልለው ሳለ ቦምብ የወደቀባቸው ኦርቶዶክሳውያንም ከእነዚህ መካከል ናቸው። በጋዛዋ የቅድስት ቤተሰብ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ለተጠለሉት ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እስከ ዕረፍታቸው ድረስ ማታ ማታ ስልክ ይደውሉ ነበር። ደህና ናችሁ ወይ፣ ምን በላችሁ ብለው ይጠይቁ ነበር። መቼም የማይረሳ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

እኔ መስከረም 26 ቀን 2016 በሐማስ ጥቃት እስራኤል ውስጥ ለተገደሉትም አልቅሻለሁ። ያ ለጋዛ ልጆች እጄን እንድሰበስብ አያደርገኝም። እኛ ኢየሩሳሌም ስንሄድ ድንጋዩን እንስማለን፤ ክርስቲያን ፍልስጤማዊ መኖሩን የማያውቅ ግን ሞልቷል። ይሄ ያሳዝነኛል። ደግሞስ ለተራበ ሰው እንጀራ ለመስጠት ክርስቲያን መሆኑ ይጠየቃል እንዴ?

እስራኤል ካቆመችው የመለያ ግንብ አጠገብ ያለው የካሪታስ የሕፃናት ሆስፒታል ይህን አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1952 የገና ዋዜማ አባ ኧርነስት ሽኒድሪግ የሚባሉ የስዊዘርላንድ ቄስ አንድ ስደተኛ አባት ሕክምና አጥቶ የሞተ ልጁን ጭቃ ውስጥ ሲቀብር አዩ። ከዚያ በኋላ ነው የተመሠረተው። ዛሬም የሚታከሙት አብዛኞቹ ሙስሊም ልጆች ናቸው። በደብረ ዘይት ተራራ ያለው የአውጉስታ ቪክቶሪያ ሆስፒታልም የካንሰር ሕሙማንን ያክማል። የሚያስተዳድረው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነው፤ የእኛዋ መካነ ኢየሱስም የፌዴሬሽኑ አባል ናት።

ስመለስ ለጽዋ ማኅበራችን ሁሉን ነገርኳቸው። አንዳንዱ «እኛስ አገር ችግር መች ጠፋ?» አለ። እውነቱን ነው፤ እናቶቻችን ግን ለራሳቸው ሳይተርፋቸውም ለጎረቤት ሲሰጡ ነው ያደግነው። ተነጋግረን ሁለት ነገር ወሰንን። ለፋሲካ የምናድለውን የአንገት መስቀል ከቤት ሳሁሩ ሽማግሌ እንገዛለን፤ እሳቸው የሚፈልጉት ሥራ እንጂ ምጽዋት አይደለም። የሚቀጥለው ወር መዋጮ ደግሞ ለሕፃናቱ ሆስፒታል ይሄዳል።