«ባትሪው ደክሞ ነው»

ዱባይ ውስጥ የጌጥ ዓሣ የሚሸጥ ሱቅ ነው የምሠራው። ከምንሸጠው ሁሉ ውዱ የእስያው አሮዋና ነው። ቻይናውያን ድራጎን ይመስላል፣ ሀብት ይጠራል ብለው ይወዱታል። ቀዩ ዝርያ የትውልድ ቦታው ኢንዶኔዥያ፣ ካፑዋስ ወንዝ ነው። እንቁላሉንም ጫጩቱንም በአፉ ይዞ የሚጠብቀው አባትየው ነው። ታዲያ አጥማጅ እሱን ይዞ አፉን ከፈለቀቀ ልጆቹም አብረው ሄዱ። ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ከአገር አገር የሚነገዱበትን መንገድ የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1975 ጥብቅ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፤ የዱሩን ከአገር አገር መነገድ ክልክል ነው። የሚሸጠው ከተመዘገበ እርባታ የወጣው ብቻ ነው። ያውም ሰውነቱ ውስጥ ማይክሮቺፕ ተቀብሮለት፣ ቁጥሩ ከሰርተፍኬቱ ጋር ሲገጥም።

አንድ ማታ አንድ ሰውዬ በፎም ሳጥን ቀይ አሮዋና ይዞ መጣ። አገር ልለቅ ስለሆነ በግማሽ ዋጋ ውሰዱት አለ። ሰርተፍኬቱ ፎቶ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ምንም አይወጣለትም። የአለቃችን ዓይን በራ። ዓሣ የሚረከቡት ግን ጋሼ ናቸው፤ እዚህ ሥራ ላይ የሸበቱ ያገሬ ሰው። የቺፕ ማንበቢያውን በዓሣው ጀርባ ላይ አሳለፉት። ዝም። ደገሙት። ዝም።

«ባትሪው ደክሞ ነው» አለ ሰውዬው።

ጋሼ መልስ አልሰጡም። ማንበቢያውን ይዘው ወደ ራሳችን ገንዳ ሄዱ። የኛው አሮዋና ወደ መስታወቱ ጠጋ ሲል ጢጥ አለ፣ ቁጥሩም ወጣ።

ሰውዬው ዘዴ ቀየረ። «ዓሣው እየታፈነ ነው! ገንዳ ውስጥ ክተቱትና በኋላ እንነጋገራለን።» አለቃችን መረብ አነሳ። ጋሼ ግን ቀደሙት። በባትሪ የምትሠራዋን ትንሽ የአየር ፓምፕ አምጥተው ቱቦዋን እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነከሩ። ዓሣው አየር አገኘ፣ የጥድፊያውም ምክንያት አለቀ። ገንዳችን ቢገባ ኖሮ እኮ የኛ ጣጣ ነበር።

ሰውዬው ሳጥኑን ከድኖ ውልቅ አለ። አለቃችን አኮረፈ፤ ትርፉን አስልቶ ጨርሶ ነበራ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ እኮ የእውነት ይመስላል» አልኳቸው።

«የእውነት ሊሆን ይችላል። ዓሣው ሲሞት ወረቀቱ አብሮ አይቀበርም፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲህ እኔም ስረከብ መጀመሪያ የማነበው ዓሣውን ነው፤ ወረቀቱ ይደርሳል። አንድ ነገር ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እኔ ሰውዬው ሳይወጣ ለሚመለከተው አካል መደወል ነበረብን ባይ ነኝ። እሳቸው «በሰው አገር ነው ያለነው፣ አለመግዛታችን ይበቃል» ይላሉ። ማንበቢያ የሌለው ሱቅ እዚሁ ሠፈር መኖሩን ሁለታችንም እናውቃለን።