ምርት ሲጨምር ትርፉ የማን ኪስ ይገባል? የንባቤ ማስታወሻ

የግብርና ቴክኖሎጂን ኢኮኖሚክስ ማንበብ ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

መነሻዬ የግብርና ኢኮኖሚስቶቹ ሃያሚና ሩታን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተሙት ሥራ የጃፓንንና የአሜሪካን ግብርና ከ1880 እስከ 1960 ያነጻጽራል። አሜሪካ መሬት ሞልቷት የሰው ጉልበት አጠራት፤ ፈጠራውም ወደ ማሽን አዘነበለ። ጃፓን ሰው እንጂ መሬት አልነበራትም፤ ማዳበሪያ ሲሰጠው ብዙ የሚያፈራ ዘር ላይ በረታች። ያነሰው ዋጋው ይወደዳል፣ ምርምሩም የተወደደውን ለመቆጠብ ይሮጣል።

ኢኮኖሚስቱ ግሪሊችስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ድቅል በቆሎ (የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው የሚገኝ ዘር) በአሜሪካ እንዴት እንደተስፋፋ አጠና። የአዮዋ ግዛት ቶሎ ተቀበለው፣ የአላባማ ግዛት ዘገየ። የአላባማ ገበሬ ግትር ሆኖ አይደለም። ለአካባቢው የሚስማማው ዘር ራሱ ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ ዘር አምራቾቹ ገበያው ወደሚያዋጣበት ቀድመው ሄደዋል። አሁን "ገበሬው አዲስ ነገር አይወድም" ሲባል ስሰማ ዝም አልልም። ዘሩ ደርሶታል ወይ? ያዋጣዋል ወይ?

ብዙ የቆየሁት ግን ኢኮኖሚስቱ ኮክሬን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ገበሬውን ትሬድሚል (ባሉበት የሚያስሮጥ ማሽን) ላይ እንደሚሮጥ ሰው አድርጎ አሳየው። ቀድሞ አዲሱን ዘዴ የያዘ ወጪው ይቀንሳል፤ ዋጋው ገና ስላልወረደ ያተርፋል። ሌላው ሲከተል ገበያው በምርት ይጥለቀለቃል። ሰው ደግሞ ስንዴ ረከሰ ብሎ እጥፍ አይበላም፤ ስለዚህ ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል።

በግምት ቁጥር ወረቀት ላይ ሠራሁት። 100 ኩንታል፣ አንዱ በ10 ብር ሂሳብ፣ 1000 ብር ያስገባል። ምርቱ 110 ሲደርስ ዋጋው ወደ 8 ቢወርድ የሚገባው 880 ነው። አሥር ኩንታል ጨምረው 120 ብር አጡ! አዲሱን ዘዴ ያልያዘው ደግሞ ወጪው እንደነበረ ሆኖ ዋጋው ብቻ ይወርድበታል። መሬቱን ለጎረቤቱ ለቆ የሚወጣው እሱ ነው። ርካሽ እህል ለሸማቹ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ ብቻ ተብሎ ሲታለፍ ያንገበግበኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ውጭ ስለሚላከው ምርት ማንበብ ይዣለሁ። የአንድ አካባቢ ምርት የዓለምን ዋጋ ካላነቃነቀ፣ ጥቅሙ በአብዛኛው እዚያው ገበሬው ጋ ይቀራል። ራሱ የሚበላውን ለሚያመርት ገበሬም ስሌቱ ሌላ ነው፤ ዋጋ ቢወርድም የጨመረው እህል ጎተራው ውስጥ አለ። በዚህ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ ወዲህ በሉኝ።