የኤረር ብርቱካን

ዛሬ ከልጅ ልጆቼ ጋር በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ላይ የነበረውን የድሮውን የኤረር ባቡር ጣቢያ በካርቶን ሠራን። ልኩን አንድ መቶኛ አደረግነው። የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ስለነበር የእኛው አንድ ሳንቲ ሜትር ሆነ። መሬቱን በተነፋ አፈርና በኮላ፣ ቁጥቋጦውን በደረቀ የሻይ ቅጠል አለበስነው።

ከዚያ ትንሿ፣ ብርቱካን ሻጮቹ ካልገቡ አለች። የነገርኳትን ይዛ ነው። ባቡሩ ሲቆም ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ወደ መስኮቱ ከፍ ያደርጉ ነበር። ወጥ ቤት ገብታ ምስር ክክ ይዛ መጣች። በወረንጦ አንድ በአንድ እያነሳች፣ ትንፋሿን ውጣ፣ በወረቀት ቅርጫቷ ውስጥ ደረደረችው። ቀለሙ ቁርጥ ብርቱካን!

ወንድሟ ማስመሪያ አመጣ። «አራት ሚሊ ሜትር ነው። በመቶ ሲባዛ አርባ ሳንቲ ሜትር! ይሄማ ሐብሐብ ነው። አባባ፣ እስቲ ይፍረዱን።»

ምስሩ ይቆይ አልኩ። ያኔ እናቴ ሸሚዜን ከኋላ ይዛ፣ እኔ በመስኮቱ ተንጠልጥዬ ያየሁት ብርቱካን እንደዚያ ትልቅ ነበር።

የዚያ ባቡር ሀዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ትልቁ ልጅ ገና ሕፃን ነበር። ስለ ድሮው የሚያውቁት እኔ የነገርኳቸውን ብቻ ነው። ይህን ሳስብ ሆዴ ባባ፤ ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመርኩ። የፉርጎው ሽታ፣ የፊሽካው ድምፅ፣ የሌሊቱ ሙቀት።

ነገ የአዋሽን ድልድይ እንጀምራለን። ትልቁ ከአሁኑ ስንጥር እየሰበሰበ ነው።