ሚቴንንና ናይትሮጅንን በአንድ ዕቃ ማስወገድ፦ እስካሁን የተማርኩት

ያለ ኦክስጅን የታከመ ፍሳሽ ከማብላያው ሲወጣ አሞኒየሙ (ናይትሮጅን ያለበት ውህድ) እንዳለ ነው፤ በውሃው ውስጥ የሟሟ ሚቴንም አብሮት ይወጣል። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር የሚሟሟው ሚቴን ስለሚጨምር፣ ለማገዶ ሊሰበሰብ ይችል የነበረው ጋዝ በመጨረሻ አየር ላይ ይበተናል። እኔ በመለስተኛ የመስታወት ዕቃ እየተለማመድሁ ያለሁት ሁለቱንም የሚያስወግዱ ተሕዋስያንን አብሮ ማሳደግን ነው።

የአናሞክስ ባክቴሪያዎች አሞኒየምን ከናይትራይት ጋር አዋህደው ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ሲለውጡ ጥቂት ናይትሬት (ከናይትራይት የበለጠ ኦክስጅን ያለው ውህድ) ይተርፋቸዋል። ሜታኖፔሬደንስ የተባለው አርኪያ (ከባክቴሪያ የተለየ ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ) ሚቴንን እየተመገበ ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ይመልሰዋል። ሜቲሎሚራቢሊስ የተባለው ባክቴሪያ ግን ከሁሉም ይልቅ ያስገርመኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች መሪነት በታተመው ጥናት እንደተገለጸው፣ ከናይትራይት የተገኘውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ወደ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይከፍልና፣ አየር በሌለበት ቦታ ራሱ በሠራው ኦክስጅን ሚቴንን ያቃጥላል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ውጤቱን ማንበብ ነው። የናይትራይት መለኪያው ፈሳሽ ሐምራዊ ሮዝ ሳይሆን ጥርት ብሎ ሲቀር ሁሉም የሰመረ ይመስላል፤ ሆኖም ናይትራይት የሚጠፋው ተሕዋስያኑ ስለተሻሙበት ወይም ጭራሹን ስላልተመረተ ሊሆን ይችላል። አሞኒየሙ መውረዱን አቁሞ፣ ናይትሬቱም ሳይቀንስ ናይትራይቱ ዜሮ ከሆነ፣ እጥረቱን አርኪያው ወይም የሚቴኑ አቅርቦት ጋ እፈልጋለሁ። ናይትራይቱ እየተጠራቀመ ከሄደ ግን ፈጥኜ ምግቡን እቀንሳለሁ፤ ሲበዛ ለአናሞክስ መርዝ ነውና።

ናይትሬት መቀነሱ ብቻውን ሚቴን እየተበላ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ከሞቱ ሕዋሳት የሚለቀቀው ካርቦን ተራዎቹን ናይትሬት አጥፊ ባክቴሪያዎች ሊመግብ ስለሚችል፣ ተሕዋስያኑ ካሉበት ዝቃጭ ጥቂት ወስጄ፣ አንዱን ሚቴን፣ ሌላውን በሚቴን ፈንታ አርጎን (ተሕዋስያኑ የማይመገቡት ጋዝ) በተሞላ ጠርሙስ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። የሚቴኑ ድርሻ የሚታየው በሁለቱ ጠርሙሶች ልዩነት ነው፤ ይህ ማነጻጸሪያ የሌለበትን የማስወገድ መጠን፣ የራሴም ቢሆን፣ አላምነውም።

እነዚህ ተሕዋስያን እጅግ ዝግ ብለው ስለሚራቡ፣ ከዕቃው ውሃ ሳስወጣ ዝቃጩ እስኪሰፍር መጠበቅ ግዴታ ነው። ጋዝ ያቀፉ እንክብሎች (ተሕዋስያኑ ተጣብቀው የሚሠሯቸው) ወደ ላይ ሲንሳፈፉ ጥሩ ምልክት ቢሆኑም፣ ከውሃው ጋር አብረው እንዳይፈስሱ መውጫውን ዝቅ ማድረግ ይበጃል። በረጅም ጊዜ ውስጥ ቡናማው ዝቃጭ ቀላ እያለ መጥቷል፤ ይህም የአናሞክስ መለያ ቀለም ነው።

አሁን የሚያስቸግረው ሚቴን ውሃ ውስጥ በቀላሉ አለመሟሟቱ ነው። ማማሰያውን ሳፈጥን እንክብሎቹ ይሰባበራሉ፤ ስቀንስ ጋዙ አይደርሳቸውም። ስለዚህ ቀጥዬ የምሞክረው ጋዙን ውስጣቸው ባዶ በሆነ ቀጫጭን ክሮች ውስጥ አሳልፎ ተሕዋስያኑን በክሮቹ ውጫዊ ገጽ ላይ ማሳደግ ነው። ሚቴን ከአየር ጋር በ5 እና በ15 በመቶ መካከል ሲቀላቀል ስለሚፈነዳ፣ ግንኙነቶቹን ሁሉ በአርጎን ፈትሼ ሳልጨርስ ጋዙን አልከፍትም።