የራስ ቅል መለኪያው ጣና ሲደርስ

«የእነሱ ዘር እኮ ድሮም እንዲህ ነው።» ባሕር ዳር ፍርድ ቤት ግቢ በጥብቅና ስመላለስ ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ተከሳሹ ገና ቃሉን ሳይሰጥ ተፈርዶበት ያድራል። ይበልጥ የሚያናድደኝ ይህ ወሬ በአንድ ወቅት ሳይንስ ተብሎ መጻፉ ነው።

ቼዛሬ ሎምብሮዞ ጣሊያናዊ ሐኪም ነበር። በ1862 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ከጦሩ ጋር ካላብሪያ ሄደ። የጣሊያን ደቡባዊ ጫፍ ናት፤ ባሕር የተሻገረ ሁሉ ያረፈባት ምድር። ግሪኮች ከተማ ቆረቆሩባት። ሮማውያን፣ ቢዛንታይኖችና ኖርማኖች ተፈራረቁባት። ኋላም ከኦቶማን የሸሹ አልባኒያውያን ሰፈሩባት። ሎምብሮዞ ሲደርስ ገና የተዋሐደችው ጣሊያን አዲስ መንግሥት ከሽፍቶች ጋር ይዋጋ ነበር። ድህነቱና የመሬቱ ጣጣ ዓይን ያወጣ ነበር። ሎምብሮዞ ግን ምክንያቱን ሰው አጥንት ውስጥ ፈለገ።

አገኘሁ ያለውም በአንድ ካላብሪያዊ ራስ ቅል ላይ ነው። ጁዜፔ ቪሌላ ይባላል፤ በሌብነት ታስሮ የነበረ ድሃ። ከሞተ በኋላ ቅሉ ሲመረመር ከውስጥ፣ በስተኋላ፣ አንዲት ጎድጎድ ያለች ቦታ ታየች። ከእሷ ተነስቶ «ወንጀለኛ ሲወለድም ወንጀለኛ ነው» የሚል ትምህርት ዘረጋ። መጽሐፉ በ1876 ታተመ።

ሽፍታን በራስ ቅል መለየት! የቋራው ካሳ ከጣና ወዲያ፣ በሱዳን ጠረፍ ሸፍቶ ነበር። በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የሸፈተውም ዘውድ የጫነውም ያው ራስ ነው።

መለኪያው እዚህም መጣ። በ1937፣ በወረራው ዘመን፣ የጣሊያን አካዳሚ ወደ ጣና የጥናት ቡድን ላከ። አብሮ የመጣው ሊዲዮ ቺፕሪያኒ ሥራው የሰው ራስና ፊት መለካት ነበር። በዓመቱ የዘር ማኒፌስቶ የተባለውን የፋሺስቶች የዘረኝነት መግለጫ ከፈረሙት ምሁራን አንዱ ሆነ። ማኒፌስቶው አይሁዶች የጣሊያን ዘር አይደሉም ይላል። ሎምብሮዞ ራሱ አይሁዳዊ ነበር።

ጣሊያን ሄደ፤ የእኛው መለኪያ ግን ቀረ። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ የምንለው እኛው ነን። ነገደ ወይጦዎች ከብዙዎቻችን በፊት ሐይቁን ያውቁታል። ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፣ ወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲሸሻቸው ኖሯል።

አንድ የወይጦ ልጅ በመረብ ስርቆት ተከሶ ቆሜለት ነበር። ምስክሩን ምን አየህ ብዬ ጠየቅኩት። «ምን ማየት ያስፈልጋል? የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል» አለ። ዳኛዋ ቃሉን አልተቀበሉትም፤ ልጁ በነፃ ተለቀቀ። ዛሬም ግን እዚያ ሰፈር መረብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእናቱ በር ነው።