የመጨረሻዎቹ ስምንት ሰከንዶች

እሁድ ማታ፣ ቨርጂኒያ፣ ሳሎኔ ውስጥ። ባለቤቴ «ደግሞ ሌላ ቆሻሻ ልትገዛ ነው?» ትለኛለች። ቆሻሻ ያለችው ኮሞዶር 64ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በ595 ዶላር ገበያ የወጣ ኮምፒውተር!

ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት መገበያያ ላይ ጨረታው 110 ዶላር ላይ ቆሟል። ስምንት ሰከንድ ሲቀረው አንዱ ከየት መጣ ሳይባል ገባ። 187 ሆነ፤ አለቀ። እኔ አጨብጭቤ ቀረሁ።

ኢቤይ ላይ ከፍተኛ ዋጋህን በምስጢር ታስገባለህ። ሲስተሙ ከተፎካካሪህ ትንሽ ብቻ ከፍ እያደረገ ይጫረትልሃል። ስለዚህ ዋጋውን የሚወስነው አሸናፊው ሳይሆን ሁለተኛ የወጣው ሰው ነው። ሁለት ግትሮች አንድ ምሽት ከተገናኙ ዋጋው ጣሪያ ይነካል። አንዳቸው ያን ቀን እንቅልፍ ከጣለው ግን ያው ዕቃ በግማሽ ዋጋ ሊሄድ ይችላል።

ሰው የሚያስታውሰው ጣሪያ የነካውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በ666.66 ዶላር ይሸጥ የነበረው የአፕል የመጀመሪያ ኮምፒውተር፣ አፕል 1፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ቦናምስ የሚባል አጫራች ቤት ጨረታ ላይ 905,000 ዶላር አወጣ። ይሄን የሰማ ሁሉ ምድር ቤቱ ያስቀመጠውን አሮጌ ኪቦርድ እንደ ወርቅ ይይዘዋል። «ኢንተርኔት ላይ 500 ይላል» ይሉኛል። ይላላ! የተጠየቀና የተሸጠ አንድ ነው እንዴ? እኔ ኢቤይ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ሳልጫን ዋጋ አላምንም።

ባለፈው ወር ሌላ ኮሞዶር 64 በ90 ዶላር አገኘሁ። ማስታወቂያው «አልተሞከረም» ይላል። ሞክረውት እምቢ ብሏቸው ነው። የድሮው የኤሌክትሪክ አዳፕተር ሲበላሽ ከ5 ቮልት በላይ ለቆ ሜሞሪውን ያቃጥላል። መለዋወጫ ቺፖቹን አዝዣለሁ። ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም።